የሯጭ ደም ፍለጋ ወደ ሰቆጣ

ከሰቆጣ ከተመለስኩ ሳምንት አለፈኝ፤ ጉልበቴ ግን ገና ደረጃ ሲያይ ይማረራል። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ሻይ ላይ ከበው "እስቲ አውሪልን" ይሉኛል፤ ወሬዬ ግማሽ ሳይደርስ ሰዓት ይሞላና ይበተናሉ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ። ወደዚያ አገር የመሄድ ሐሳብ ለሌለው ሰው ይሁን፣ እንደ እኔም ሳያስበው ለሚላክ።

በአንድ ኮሌጅ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ነኝ። አለቃዬ ዶክተር የሯጮችን የዘረመል ልዩነት ያጠናሉ። ሁለት እህትማማች በአንድ ቤት አድገው፣ ከአንድ ማዕድ በልተው፣ አንዷ ስትሮጥ የማትያዝ፣ ሌላዋ ግን ዳገት ሳትጨርስ የምታለከልክ ለምን ትሆናለች? ከእናትና ከአባት የወረሱት ነገር የቱ ላይ ተለያየ? ይህን ለማየት ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ ተጠርጎ የሚወሰድ ናሙና ያስፈልጋል። ዶክተሩ ለጉዞ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ደረጃ ላይ ወድቀው ቁርጭምጭሚታቸው ተጎዳ። "ያው አንቺ ትሄጂያለሽ" አሉኝ። እኔ ሩጫ የማውቀው ታክሲ ሲያመልጠኝ ብቻ ነው።

ሐሙስ

አውቶቡስ ውስጥ የናሙናውን ነጭ የፎም ሳጥን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ተሳፈርኩ። አጠገቤ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ። እስከ ደብረ ብርሃን ሳጥኑን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና "ልጄ፣ የሠርግ ኬክ ነው?" አሉኝ። "ኧረ አባቴ፣ ጥጥ ነው" ብላቸው አላመኑኝም። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ከእኔ ቀድመው ሳጥኑን የሚደግፉት እሳቸው ሆኑ። ደሴ ስንወርድም ለአልጋ ቤቱ ባለቤት "ምድር ቤት ያለውን ክፍል ስጧት፤ ኬክ ይዛ ደረጃ አትወጣም" ብለው አዘዙልኝ። በዚሁ ኬክ ሰበብ ከቤቱ ሁሉ የተሻለውን አልጋ አገኘሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አምስት ዓመት ሙሉ ጎረቤቴ የሆነ ሰው እንኳ "ዘንቢልሽን ልያዝልሽ" ብሎኝ አያውቅም።

ዓርብ

ከደሴ ወልድያ፣ ከወልድያ ቆቦ፣ ከቆቦ አላማጣ። ቆላው ሲቀበለን ሹራቤን አወለቅሁ። የግራ ካሕሱን ተራራ ጠመዝማዛ ወጥተን ኮረም ስንደርስ መልሼ ለበስኩት፣ ነጠላዬንም ከላዩ ደረብኩ። ሾፌሩ በየመዞሪያው ጥሩምባ ይነፋል፣ እኔ በየመዞሪያው ዓይኔን እጨፍናለሁ። ኮረም ላይ አንዲት ሴት ያቀረበችልኝን ሽሮ እስካሁን አልረሳሁትም። ዓርብ ስለሆነ በዘይት የተሠራ፣ ነጭ ሽንኩርቱ የማይታይ ግን ያለ፣ ገና ሲንተከተክ የመጣ ሽሮ ነው። እኛ ሰፈር ሽሮ ቤት ከፍተው የሚያሰልፉን ሰዎች እዚህ መጥተው መማር አለባቸው።

ቅዳሜ

ከኮረም ወደ ሰቆጣ የሄድኩት ስኳር በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ነው። መንገድ እኩሌታ ላይ ጎማ ፈነዳ። ተለዋጭ ጎማ አለ፣ ክሪክ ግን የለም። እኛ ከተማ ቢሆን ሾፌሩን ስንሰድብ እንውል ነበር። እዚህ ከጭነቱ ላይ የወረደው መንገደኛ ያለ አዛዥ ተከፋፈለ፤ ገሚሱ ድንጋይ እያመጣ ከጎማው ዘንግ ሥር ደረደረ፣ ገሚሱ ከጎማው በታች ያለውን አፈር ቆፈረ። ጎማው መሬቱን ለቀቀና በሰላም ተቀየረ። ወደ ገበያ ታልፍ የነበረች ሴት አይታኝ ከአገልግሏ ዳቦ ቆረሰችልኝ። "ምነው እቴ፣ ባዶ ሆድሽን ፀሐይ ላይ?" አለችኝና ስሜን እንኳ ሳትጠይቅ መንገዷን ቀጠለች።

ሰቆጣ ከሰዓት በኋላ ገባን። ያረፍኩት ዘሃራ በምትባል ባለሱቅ ቤት ነው። ከሱቋ ጀርባ አራት አልጋ ታከራያለች። ስለ ናሙናው ስነግራት ቀዝቃዛ ቦታ እንደሚያስፈልገው ገባትና ለስላሳዎቹን ከማቀዝቀዣው ታችኛ መደርደሪያ አንስታ ወደ ላይ አጨቀቻቸው። "ወላሂ፣ ሰው ቀዝቃዛ ለስላሳ ቢያጣ አይሞትም፤ ያንቺ ከተበላሸ ግን ያን ሁሉ አገር ለከንቱ ነው የመጣሽው" አለች። መብራት የሚመጣውና የሚሄደው በራሱ ፈቃድ ስለነበር፣ በሄደ ቁጥር ማቀዝቀዣውን በብርድ ልብስ ትጠቀልለው ነበር።

እዚያው ሱቅ በር ላይ አቶ ተገኘ መጡ። የአካባቢውን ሩጫ የሚያስተባብሩ፣ ፊሽካ ከአንገታቸው የማይወርድ ሰው ናቸው። "እንኳን ደህና መጡ ሲስተር" አሉኝ። ነርስ አለመሆኔን ልነግራቸው ነበር፤ "ሲስተር" የሚለውን ስም የሰማ ሁሉ ወንበር ሲለቅልኝ ጊዜ ግን ዝም አልኩ። ጥፋቴ የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

አቶ ተገኘ እንደነገሩኝ ከሩቅ ከተማ ያለ አንድ ክለብ ሁለት ልጃገረዶች ላኩልኝ ብሏቸዋል። ማክሰኞ በዙሪያው ካሉት ከጋዝጊብላ፣ ከፃግብጂ፣ ከኒሯቅ አሥር ልጆች መጥተው ሊወዳደሩ ነው። እኔ ናሙና የምወስድበት የአያ ሹምዬ ቤትም ጋዝጊብላ ውስጥ ነው፤ አባታቸውም አያታቸውም ደብዳቤ በእግር የሚያደርሱ መልእክተኞች ስለነበሩ ቤቱ በሩጫ የታወቀ ነው።

"ታዲያ ሲስተር፣ ሩጫ በደም ነው በልምምድ?" አሉኝ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዶክተሩ ቢሆኑ ኖሮ "ገና አልታወቀም" ይሉ ነበር። እኔ ግን እግሬን አነባብሬ "በደም ነው እንጂ!" አልኩ። "በጡንቻችን ውስጥ አንዲት ፕሮቲን አለች። ሰውነቱ የማይሠራት ሰው በሽተኛ አይደለም፤ ግን አጭር ርቀት ከሚፈተለኩት መሃል እሷን ያጣ ጥቂት ነው። ይህ ከእናት ከአባት የሚወረስ ነው። ወላጆቹን ካወቁ ልጁን ማወቅ ነው።" የመጨረሻዋን ቃል ማንም አላስተማረኝም፤ ከራሴ ጨመርኩ። አቶ ተገኘ ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

እሑድ

መኪና መንገዱ ያለቀበት ቦታ ላይ አያ ሹምዬ በቅሎ ይዘው ጠበቁኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁ ዓይናቸው የሚጠፋ ሰው ናቸው። በቅሎዋን ፈራኋትና በእግሬ እሄዳለሁ አልኩ። ስለዚህ ሳጥኔ ኮርቻው ላይ ተጭኖ ሄደ፣ እኔ ከኋላው አለከልክ ጀመር። አያ ሹምዬ ከሥልሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ዳገቱን እያወሩ ይወጡታል። በአራት ሰዓት መንገድ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ቆሜያለሁ፤ እሳቸው አሥራ አንዱንም ጊዜ አገሩን እያሳዩኝ የቆሙ መስለው ጠበቁኝ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከተማ ውስጥ ብዙም አይገኝም።

ባለቤታቸው እማማ ዘውዴ በር ላይ አቅፈው ሳሙኝ። ወዲያው ጥጤን ሳወጣ ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ዛሬ ቆርቤአለሁ የኔ እመቤት። የቆረበ ከአፉ ነገር አያወጣም፤ ምራቅም አይተፋ።" "ባሌና ልጆቼም ቆርበዋል" አሉኝ። ክርስቲያን ሆኜ፣ እሑድ መሆኑን እያወቅሁ፣ አራት ሰዓት ተጉዤ ይህን አላሰብኩትም! አፍሬ ሳጥኔን ዘጋሁ። እሳቸው ግን የእኔ ሐፍረት አሳዘናቸውና ነጭ የዋግ ማር በዳቦ አቀረቡልኝ። የእኛን ከተማ ማር እየበላሁ ስንት ዓመት ስኳር ስልስ እንደኖርኩ ያን ቀን ገባኝ።

ሁለቱ ልጆች በላይነሽና ጥሩዬ ናቸው፤ በላይነሽ አሥራ ስምንት፣ ጥሩዬ አሥራ ሰባት። በላይነሽ ሯጯ ናት። ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማረችው ትምህርት ቤት እየሮጠች ሄዳ፣ እየሮጠች ተመልሳ ነው። ጥሩዬ ሩጫ ስትሰማ ወገቧን ይዛ የምትስቅ ጨዋታ ወዳድ ናት። እርስ በርስ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ያወራሉ፣ ወደ እኔ ሲዞሩ በአማርኛ። ለበላይነሽ ሽማግሌ ተልኳል። አያ ሹምዬ "ከማክሰኞ በኋላ እንመልሳለን" ብለው አቆይተዋቸዋል። ከተመረጠች ወደ ክለቡ፣ ካልተመረጠች ወደ ትዳር ናት። እሷ ስለዚህ ስታወራ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

ወደ ምንጩ ስንወርድ እማማ ዘውዴ ከፊት፣ በላይነሽ ከኋላ ሄዱ። ተረከዛቸውን አጥብቀው የሚረግጡት፣ ትከሻቸውን ወደ ግራ የሚያዘነብሉት አንድ ዓይነት ነው። ባለሙያ ነኝና ደብተሬን አውጥቼ "በላይነሽ፦ አረማመዷ ቁርጥ የእናቷ። ውርስ" ብዬ ጻፍኩ።

ሰኞ

ጠዋት እማማ ዘውዴ "አሁን ያሻሽን ጥረጊ" ብለው አፋቸውን ከፈቱልኝ። አያ ሹምዬ ጥጡ ጉንጫቸውን ሲነካ ሳቅ እያስቸገራቸው ሦስት የጥጥ እንጨት አበላሹብኝ። ሁሉንም ከጨረስኩ በኋላ ቅጹን አወጣሁና እማማ ዘውዴን ጠየቅኳቸው።

"በላይነሽ የእርስዎ ልጅ ናት?"

"አዎና!"

"ጥሩዬስ?"

"አዎ።"

"ሁለቱም የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው?"

"ከዚህ ቤት ሌላ የማን ቤት ያውቃሉ?" አሉ አያ ሹምዬ። "አዎ" ብዬ ሞላሁ።

ያን ጊዜ ከከተማ የተመለሰ ጎረቤት የአቶ ተገኘን ደብዳቤ አደረሰ። በላይነሽ ጮክ ብላ አነበበችው። "ሲስተር በሰጡን ማብራሪያ መሠረት የማክሰኞው ውድድር ቀርቷል። የሯጭ ደም ያለባቸው ሁለቱ ልጆችዎ በቀጥታ ተመርጠዋል። ልብሳቸውን ይዘው ይምጡ።"

እማማ ዘውዴ እልልታቸውን አቀለጡት። ጥሩዬ "እኔ ደግሞ ምን አጠፋሁ!" ብላ ጮኸች። በላይነሽ ግን ወረቀቱን አጠፈችና ለአባቷ ሰጠች።

"በደም ከሆነ እኔ የለሁበትም" አለች።

ግራ ገብቶኝ ሁሉንም አየኋቸው። እማማ ዘውዴ አገር የሚያውቀውን ነገር እንደሚነግሩኝ ሆነው "በላይነሽ የጡት ልጄ ናት እኮ" አሉ። ወላጅ እናቷ ጎረቤታቸው ነበረች፤ ልጅቷ ሦስት ዓመት ሳይሞላት እናትየዋ ሞተች። ቄስና ሽማግሌ ተሰብስቦ እማማ ዘውዴ ጡታቸውን ማር ቀብተው አጠቧት፣ አያ ሹምዬም አውራ ጣታቸውን ማር ቀብተው አስጠቧት። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጃቸው ናት፤ መሬት እኩል ትወርሳለች፣ ከዘመዶቻቸውም ጋር አትጋባም።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ? ልጅሽ ናት ወይ አልሽ፤ ናት አልኩሽ።"

እውነታቸውን ነው። ቅጹም እኔም መጠየቅ ያለብንን አልጠየቅንም። "አረማመዷ ቁርጥ የእናቷ" ብዬ የጻፍኩትን አሰብኩና ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። አሥራ አምስት ዓመት ከእናቷ ተረከዝ ኋላ ስትሄድ ያደገች ልጅ እንዴት ሌላ አረማመድ ይኖራታል? ከዚያ ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ሱቅ በር ላይ እግሬን አነባብሬ በተናገርኩት ቃል ዘጠኝ ልጆች ውድድራቸውን ተነጥቀዋል። እውነቱን ብናገር ደግሞ አቶ ተገኘ በላይነሽን ይሰርዟታል።

እማማ ዘውዴ ሐሳቤን አወቁት። እጄን ያዙ። "አንቺ ካልተናገርሽ ማን ይጠይቃል? ይህች ልጅ ከሩጫ ሌላ ያማራት ነገር የለም። ጡት ከደም በምን ያንሳል?"

የመለሰችው በላይነሽ ናት። "እማ፣ በደም መርጠው ቢወስዱኝ በደም ይመልሱኛል። ልሩጥ። ብሸነፍም በእግሬ ተሸንፌ ልምጣ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ሌሎቹ ልጆች እኮ እስካሁን መንገድ ጀምረዋል። ከኒሯቅ በአንድ ቀን አይመጣም። እርስዎ ይንገሩልን።"

ቤቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው አምስታችንም ወደ ሰቆጣ ወረድን። በመንገዱ ሁሉ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳውጠነጥን ድካሙን ረሳሁት፤ የቆምኩት አራት ጊዜ ብቻ ነው።

ማክሰኞ

በላይነሽ እንዳለችው ልጆቹ መጥተው ነበር፤ ደብዳቤው ሳይደርሳቸው መንገድ የጀመሩ ናቸው። ሜዳው ዳር አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል፣ አቶ ተገኘ ደግሞ "ቀርቷል" ለማለት አፍረው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

"አቶ ተገኘ፣ ቅዳሜ የተናገርኩት ስህተት ነው። እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ሲስተርም አይደለሁም። ላቦራቶሪ ውስጥ ቱቦ የማጥብ፣ ናሙና የማዘጋጅ ሰው ነኝ።"

"እንዴ! ወላጁን ካወቁ ልጁን ማወቅ ነው ያሉን እርስዎ አይደሉም?"

"ነኝ። ከራሴ ጨምሬ ነው። ያልኳት ፕሮቲን እውነት አለች፤ ግን እሷ አንዷ ብቻ ናት። ዶክተሩ ውርስ እንደ በርበሬ ነው ይላሉ። ኮረሪማው ትንሽ፣ ዝንጅብሉ ትንሽ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ትንሽ፤ ከማን ምን ያህል እንደገባ ቀምሶ የሚለይ የለም። ከዚያ ደግሞ እሳቱ አለ፣ የባለሙያዋ እጅ አለ። ከጉንጭ በተጠረገ ናሙና ሯጭ የሚመርጥ መሣሪያ እኛ ዘንድ የለም፤ የትም የለም።" በረጅሙ ተነፈስኩ። "በላይነሽም የዚህ ቤት የጡት ልጅ ናት። ራሷ ናት ንገሩልኝ ያለችኝ።"

ሰው ተንሾካሾከ። አቶ ተገኘ እኔን አዩ፣ በላይነሽን አዩ፣ አቧራ የለበሱትን ልጆች አዩ። ሊቆጡኝ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። "እኔም ብሆን በቀላሉ የሚመረጥበት ነገር ሳገኝ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት" አሉ። ከዚያ ፊሽካቸውን ነፉ። የዚያን ሰው ትልቅነት እስካሁን አደንቃለሁ፤ እኛ ዘንድ ስንት አለቃ ነው ሰው ፊት ቃሉን የሚያጥፍ?

ሩጫው ሜዳውን አሥራ ሁለት ጊዜ መዞር ነው። ሩጫ የማትወደው ጥሩዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከሁሉም ፊት ወጣች! ነፋሱ ከገደሉ በኩል አቧራ እያስነሳ ይመታል፤ ጥሩዬ ፊቷን ሰጥታው በላይነሽን ከጀርባዋ ከልላ ሮጠች። እንደ ቆርቆሮ በር እያቃሰተች አምስት ዙር ሄደች። በስድስተኛው ዳር ላይ ወጥታ ተዘረጋችና ከተኛችበት "ሂጂ! ሂጂ!" ትል ጀመር።

በመጨረሻው ዙር ኮንጎ ጫማ ያደረገች የፃግብጂ ልጅ ከየት መጣች ሳይባል ሁሉንም ጥላ ሄደች። በላይነሽና አንዲት የኒሯቅ ልጅ ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። እማማ ዘውዴ ማርያምን እየጠሩ ክንዴን ቆነጠጡኝ፤ ጠባሳው አሁንም አለ። በላይነሽ በአንድ እርምጃ ቀድማ ሁለተኛ ሆና ገባችና እናቷ እቅፍ ውስጥ ወደቀች። እኔ የማላውቃቸው ሰዎች ትከሻ ላይ አለቀስኩ።

አቶ ተገኘ የፃግብጂዋን ልጅ "ከቤታችሁ የሮጠ ማን አለ?" ብለው ጠየቋት። ልጅቷ አሰበች። "ማንም የለም። ቤታችን ግን ከውሃ ሩቅ ነው" አለች። አቶ ተገኘ እኔን እያዩ ይህንንም ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

የኒሯቋን ልጅ ዘሃራ ወደ ሱቋ ወስዳ እግሯን አጠበቻት፤ ለስላሳም ከፈተችላት። አቶ ተገኘ ደግሞ ለክለቡ ስለ እሷ እንደሚጽፉ ቃል ገቡ። ማታውን ቅጼን አውጥቼ "የአንድ እናትና የአንድ አባት" የሚለውን ሰረዝኩና እውነቱን ጻፍኩ። የሁለቱ ልጆች ናሙና ለዶክተሩ ጥናት እንደማይጠቅም አውቄያለሁ፤ ከተመለስኩም በኋላ እሳቸው ያሉኝ ይህንኑ ነው።

ረቡዕ

ዘሃራ የአልጋዬን ሒሳብ ወላሂ አልቀበልም ብላ፣ ለመንገድ ዳቦ ቋጥራ፣ ናሙናዎቼን ከማቀዝቀዣው አውጥታ በሁለት እጇ አስረከበችኝ። በላይነሽ ወደ ክለቡ ለምትሄድበት ልብስ ልታሰፋ ከእናቷ ጋር ገበያ ወጥታ ነበር። ልትሸኘኝ የመጣችው ጥሩዬ ብቻ ናት፤ እግሯን ስላመማት እያነከሰች ነው። ሳጥኑን እኔ ልያዝ ብላ መኪናው ድረስ ተሸከመችልኝ።

ከተሳፈርኩ በኋላ በመስኮት ሰጠችኝና እጇን ከክዳኑ ላይ አላነሳችም።

"የኔም ምራቅ እዚህ ውስጥ ነው አይደል?"

"አዎ ጥሩዬ።"

"የአያቶቼ ሩጫ እኔ ውስጥ ካለ፣ ያገኙታል?"

"ምናልባት ጥቂቱን። ገና ብዙ ነገር አይታወቅም።"

"ካገኙት፣ ከእኔ ወስደው ለበላይነሽ ቢሰጡልኝስ? እኔ ምን ያደርግልኛል?"

ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚያ ሁሉ ዓመት ሥራዬ ሰምቼ አላውቅም። ልዋሽላት አልፈለግሁም። "አይቻልም የኔ ልጅ። ማንም ይህን ማድረግ አይችልም" አልኳት።

መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ጥሩዬ እያነከሰች ከጎኑ መራመድ ጀመረች፤ ከዚያም ድምፁን ለማሸነፍ ጮኸች።

"እንግዲያስ ለዶክተሩ ይንገሩልኝ! እህቴ ያለ እሱም ሮጣለች ይበሉልኝ!"